ለዓይን የታረሰው ተዳፋት

ፍኖተ ሰላም ከተከራየሁበት ቤት ዝቅ ብሎ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት አለ። ጠዋት ጠዋት ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስሄድ በደጁ አልፋለሁ። ሁልጊዜ የሚሸተኝ እርጥብ ባህር ዛፍና ኮላ ነው። ባለፈው የካቲት ግን አንድ ቀን ሌላ ሽታ አፍንጫዬን ያዘውና ቆምኩ። አናጢው ከፈረሰ ቤት የተገኘ የበር ሳንቃ ይልጋል፤ እግሩ ሥር ፍቅፋቂው ተከምሯል። ጎንበስ ብዬ አንድ እፍኝ አነሳሁና አሸተትኩት። ዋንዛ ነው። «ከየት አገኘኸው?» አልኩት። «አሮጌ ቤት ሲፈርስ ነው እንጂ ቲቸር፣ አሁንማ ዋንዛ ከየት ይመጣል?» አለኝና መላጊያውን መግፋቱን ቀጠለ። ለእሱ ተራ ወሬ ነው። እኔ ግን ያን ቀን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም፤ ልቤ ኮሶ አምባ ነበር።

ኮሶ አምባ የተወለድኩባት መንደር ናት፤ ከቡሬ ገበያ ማለዳ የተነሳ ሰው ፀሐይ ሳትበረታ ይደርስባታል። ልጅ እያለሁ ከቤታችን በስተጀርባ ያለው ተዳፋት በሙሉ ዱር ነበር። «የእንየው ዱር» ይሉታል፤ እንየው አባቴ ነው። አባቴ ከእናቱ ወረሰው፣ እናቱም ከወላጆቿ። ቁልቁለቱ ለበሬ ስለማይመች ማንም ሊያርሰው አስቦ አያውቅም ነበር። ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ወይራው፣ ዶቅማው አንዱ በሌላው ላይ ተደጋግፎ፣ በሐረግ ተጠላልፎ፣ ቀትር ላይ እንኳ ስትገባበት ቆዳህን ብርድ ብርድ ይለዋል። የበሰበሰ ቅጠልና የእርጥብ አፈር ሽታ አለው። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚዘሉ ጉሬዛዎች ነበሩን፤ ነጭ ጭራቸውን አንዠርግገው ከላይ ሲያዩን እኛም ከታች ምላስ እናወጣባቸዋለን።

ምላስ ካነሳሁ አይቀር፣ ከሁሉ በፊት ትዝ የሚለኝ ሆዴ ነው፤ አልዋሽም። ዝናብ ሊገባ ሲል ዶቅማው ይበስላል። ትምህርት ቤት የምንሄደው በዱሩ ጥግ ስለነበር አንድ እፍኝ ሳንበላ የምናልፍበት ጠዋት የለም። ያን ጊዜ ክፍላችንን የሚያስተምሩ አንድ ጨዋታ አዋቂ መምህር ነበሩ። ያረፈደ ሰው ለምን እንዳረፈደ አይጠይቁም፤ በር ላይ ያቆሙንና «ምላስ አውጡ!» ይላሉ። ወይን ጠጅ የመሰለ ምላስ ያለው ሁሉ ወደ ጎን ይቆማል። ከዚያ ተዳፋት ሥር ያደግን ልጆች በሙሉ ወደ ጎን እንቆም ነበር። ቅጣቱን ተቀብለን በማግስቱ እንደገና እንበላለን።

አባቴ ለዱሩ ሕግ ነበረው። ለማገዶ የደረቀ ብቻ ይለቀማል። ሞፈርና ቀንበር ሲያስፈልግ ይቆረጣል፣ እሱም ተመርጦ። አዲስ ጎጆ የሚቀልስ ሙሽራ ሲኖር ደግሞ አንድ ምሰሶ በነፃ ይሰጠዋል። ይህ ከአያቴ ጀምሮ የቆየ የቤተሰባችን ልማድ ነበር። የመንደሩ ወጣት ሚስት ሲያገባ አባቴን ይዞ ዱር ይገባል፤ አባቴ ዞር ዞር ብሎ አይቶ አንዱን ዛፍ በመጥረቢያው ጀርባ መታ ያደርግና «ይሄን ውሰድ፣ ያቁምህ» ይለዋል። ሌላ ነገር የለውም። ኮሶ አምባ ላይ ከቆመው ጎጆ አብዛኛው መሀሉን የያዘው ከእኛ ዱር የወጣ እንጨት ነበር፤ አባቴም ሰው ቤት ሲጋበዝ ቁጭ ከማለቱ በፊት ምሰሶውን በመዳፉ ደገፍ ማድረግ ይወድ ነበር።

ከዱሩ ግርጌ፣ ከትልቅ ሾላ ሥር፣ ምንጭ ነበረን። እናቴ ስመኝ ውሃ ስትቀዳ እኔና ጓደኞቼ ድንጋዩ ላይ ቅልልቦሽ እንጫወታለን። እንስራው ሞልቶ እናቴ እስክትጠራኝ ድረስ ጨዋታው አያልቅም። በበጋ የሌላ መንደር ሴቶች ሳይቀሩ እዚያ ይቀዱ ነበር፤ እናቴም ተራ ስታስይዝ የምንጩ እመቤት መስላ ትታያለች። ያን ክብሯን ትወደው እንደነበር ያወቅሁት ከጠፋ በኋላ ነው።

እንግዲህ ዘመኑ «እረስ፣ አስፋ፣ አምርት» የሚባልበት ዘመን ነበር። የግብርና ባለሙያ በየእርሻው ይዞራል፤ አዲሱን የበቆሎ ዘርና ማዳበሪያ ያስተዋውቃል። በማሳ መሀል የቆመ ዋንዛ ጥላው ቡቃያውን ያቀጭጫል ተባለ፤ ተቆረጠ። በቆሎው እውነትም ሰጠ፤ ሐሰት አልናገርም፣ ጠግበን የበላንባቸው ዓመታት ናቸው። ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ የጎበዝ ገበሬ ሥዕል ተለጥፎ ነበር። ሰውየው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አንድም ዛፍ በሌለበት ሰፊ ማሳ መሀል ቆሟል። እኔም ሥዕል ስሣል የአባቴን እርሻ እንደዚያ ነበር የምሥለው፣ ዱሩን ትቼ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አያ ዘለቀ መጣ። አያ ዘለቀ የአባቴ የልብ ወዳጅ ነው፤ ታላቅ ወንድሜን ክርስትና ያነሳ፣ የቀበሌ ተመራጭ የነበረ ሰው። መደቡ ላይ ገና ሳይደላደል «እንየው፣ ሽግሽግ ሊመጣ ነው» አለ። «መሬት እየተለካ ለሌለው ሊሰጥ ነው። ጦም ያደረ መሬት መጀመሪያ ይነሳል ሲሉ ወረዳ ላይ ሰምቻለሁ።»

«ዱርስ?» አለ አባቴ።

«ዱርማ ምን ይባላል? ያልታረሰ አይዶል?»

«ገደል እኮ ነው ዘለቀ። ማን ይፈልገዋል?»

«መሬት ያጣ ልጅ ገደል ነው ብሎ የሚተውልህ ይመስልሃል? ትልም ይታይበት ነው የምልህ። ትልም ኸታየበት ባለቤት አለው ይባላል።»

አያ ዘለቀ አልዋሸም። የሰማውን ነው የነገረን፤ ያውም ለወዳጁ አስቦ። ይህን ታሪክ ስነግራቸው አንዳንድ የከተማ ጓደኞቼ «አባትሽ ሞኝ ነበር» ይሉኛል። ያናድደኛል። አባቴ በወጣትነቱ፣ በፊተኛው መንግሥት፣ የእናቱ መስክ ሥራ ፈት ነው ተብሎ ሲወሰድ በዓይኑ አይቷል። «ዘንድሮ አሳርፌው ነው፣ ከርሞ አርሰዋለሁ» ብላ ብትለምን የሰማት አልነበረም። ከዚያ መንግሥት ተቀየረ፣ ስብሰባው ላይ የሚነገረው ቃል ተቀየረ፣ መሬት የሚወሰድበት ምክንያት ግን አልተቀየረም። ያላረስከው ያንተ አይደለም። ይህን ነገር ለአንድ ገበሬ ዕድሜ ልኩን ስትነግረው ከርመህ በመጨረሻ ሲያምንህ ሞኝ ማለት ምን ይሉታል?

እናቴ አላመነችም። አያ ዘለቀ እንደወጣ «አንተ ሰው፣ ምንጩስ?» አለችው።

«ምንጩ ኸመሬቱ ጋራ አብሮ ኸሄደ ማን ያስቀዳሻል?» አላት።

 «እንግዲያው የምንጩን ዙሪያ እንኳ ተውልኝ» አለች፤ አባቴም እሱን እተውልሻለሁ ብሎ ቃል ገባላት። እዚህ ላይ ሁለቱም ዱሩን ለማዳን ነበር የሚከራከሩት። እሱ መሬቱ ከቀረልኝ ዛፉ ይደርሳል ይላል። እሷ ደግሞ ዛፉ ከሄደ መሬቱ ምን ያደርግልኛል ትላለች። እኔ እሳት ዳር ቁጭ ብዬ ሁለቱንም አምን ነበር።

በጥር ወር ደቦ ተጠራ። እናቴ ጠላውን ጠመቀች፣ ንፍሮው ተቀቀለ፣ መንደርተኛው መጥረቢያውን ስሎ መጣ። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ምንይችል ነው። ምንይችል ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣ፣ መሬት የሌለው፣ ገና ሚስት ያገባ ጎበዝ ነበር፤ የጎጆውን ምሰሶ ከጥቂት ወራት በፊት አባቴ ነበር መታ አድርጎ የሰጠው። እንደ እሱ መጥረቢያ የሚያወርድ አልነበረም። ሲያንጎራጉር ሌላው ይቀበለዋል፤ ዛፉ ሲንቋቋ ሁሉም ዝም ይላል፤ ሲወድቅ ደግሞ ተዳፋቱ ይንቀጠቀጥና ጩኸት ይሆናል። እኛ ልጆች ያን ቀን ደስ ብሎን ነበር። የወደቀው ዶቅማ ጫፍ ላይ ወጥተን ተንሳፈፍን፤ ከዚያ በፊት እጃችን ደርሶበት የማያውቀውን የአናቱን ፍሬ፣ ገና ጥሬውን፣ እየቀጠፍን በላን። ሆዳችንን ቆረጠን።

ትልቁ ዋንዛ ላይ የተሰቀሉት የአባቴ ቀፎዎች ሲወርዱ ንቦቹ ተቆጥተው የአንዱን ደቦኛ ከንፈር አሳበጡት፤ ሰውየው ጠላ መጠጣት አቅቶት ሲንገላታ አገር ሳቀ። ከሰዓት በኋላ ንቦቹ በቤታችን ክፈፍ ላይ እንደ ዘለላ ተንጠልጥለው ዋሉ። በማግስቱ የሉም። ጉሬዛዎቹም ተከታትለው በማዶ በኩል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሲሻገሩ አየናቸው፤ ከእነሱ አንዷ ልጅዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ ነበር። አባቴ ቆሞ አያቸውና «ይመለሳሉ» አለ። ማንን እንደሚያጽናና አላውቅም።

ከዚያ ጭስ ሆነ። ቅርንጫፉ ተከምሮ ሲቃጠል የመንደሩ ሁሉ ልብስ ጭስ ጭስ ሸተተ። አመዱ ሳይበርድ አባቴ በሬዎቹን ጠምዶ ወጣ። እንዲያው የሚያሳዝን እርሻ ነበር። በሬዎቹ ቁልቁለቱን ፈርተው ይንሸራተታሉ፤ ማረሻው ሥር ውስጥ እየተሰነቀረ ይጣመማል፤ አባቴ በየጉቶው መሀል እየተጠማዘዘ ይጮህባቸዋል። ዘር አልተዘራም፤ ወቅቱም አልነበረም። የተፈለገው ትልም ነው። በመንገድ ያለፈ ሰው ቀና ብሎ ሲያይ «ታርሷል» እንዲል የሚያደርግ ትልም። ማታ ሲገባ እጁ ደም ቋጥሮ ነበር፤ እናቴ ቅቤ ቀባችው።

አባቴ በመንደሩ ነገር ቶሎ የሚገባው ሰው ይባል ስለነበር «እንየው የሰማው ነገር ቢኖር ነው» ተባለ። በየተዳፋቱ ደቦ ተጠራ። በዚያ በጋ ከደጃችን ቆሜ ሳይ በየአቅጣጫው ጭስ ነበር፤ ኮሶ አምባ ዙሪያዋን ተላጨች። ጫካው የቀረለት አያ ጎሹ የሚባል አንድ ደካማ ሽማግሌ ብቻ ነው። ልጅ የለው፣ ጉልበት የለው፣ ለደቦ የሚያበላው እህል የለው። ሰው ሁሉ «አይ ጎሹ፣ መሬቱ መሄዱ ነው» እያለ ከንፈር መጠጠለት።

ለኪዎቹ ከፋሲካ በኋላ መጡ። ኮሚቴው ከራሳችን ሰዎች የተመረጠ ነው፤ አያ ዘለቀም አለበት፤ ከወረዳ ደግሞ አንድ ወጣት ሠራተኛ መጥቷል። አባቴ ያን ቀን የክት ጋቢውን ለብሶ በትልሙ መሀል ቆሞ ጠበቃቸው። እኔና እናቴ ከታች፣ ከሾላው ሥር ሆነን እናያለን። ወጣቱ ገመድ ከመጣሉ በፊት መመሪያውን አነበበ። ዳገታማ የሆነና በዛፍ የተሸፈነ መሬት አይታረስም፤ አይከፋፈልም፤ በያዘው ሰው እጅ እንዳለ ተጠብቆ ይቆያል።

አባቴ «ልጄ፣ እስቲ ድገመው» አለ። ደገመለት።

«ይሄ ዱር ነበር እኮ» አለ አባቴ። ድምፁ እኛ ጋ ደረሰ። «ይሄው ጉቶው! ኸዚህ የቆመ ሰው ሁሉ ይመስክር። ትናንት ነው ያረስኩት።»

«አሁን እርሻ ነው አያ እንየው። የታረሰ መሬት ኸሌላው ጋር ተደምሮ ይቆጠራል።»

«ዱር ነበር እያልኩህ!»

«ነበርን አንለካም» አለ ልጁ።

በክፋት አላለውም። ፀሐይ መትቶታል፣ ደክሞታል፣ ገና ብዙ ተዳፋት ይቀረዋል። ግን ያችን ቃል ስሰማ የአባቴ ትከሻ ከጋቢው ውስጥ ዝቅ ሲል አየሁት፤ እስከ ዛሬ ያን ያህል ዝቅ ያለ ሰው አላየሁም። ቆሞ ከሚያየው ሰው የመሰከረለት የለም። አያ ዘለቀ የያዘውን የገመድ ጫፍ እያየ ቀረ። ተዳፋቱ ከሜዳው እርሻችን ጋር ሲደመር ከድርሻችን በለጠ ተባለ፤ ተነጥሎም በዕጣ ወጣ። ዛፉ ባይቆረጥ ኖሮ ዱሩም ሜዳውም የእኛ ነበር። አያ ጎሹ ጫካ ጋ ሲደርሱ ገመዱን እንኳ ሳይፈቱ አለፉት። ሽማግሌው ምን እንደተደረገለት ሳይገባው ለኪዎቹን ሲመርቅ ዋለ።

ዕጣው ለምንይችል ወጣ። ከጥቂት ቀን በኋላ ቤታችን መጥቶ የአባቴን ጉልበት ሳመና «እኔ እንደሁ ይሄን ይስጡኝ አላልኩም፣ እንደ አባት ነዎት» አለ፤ አለቀሰም። አባቴ መርቆ ሸኘው። ምርቃቱ ከከንፈር ይሁን ከልብ ዛሬም አላወቅሁም። እኔ ግን ልጅ ነበርኩና ምንይችልን ጠላሁት፤ ከመንገድ ሳገኘው ሰላምታ እነፍገው ነበር። ምን ያድርግ? እሱም ይብላ እንጂ።

ምንይችል ያን ገደል አረሰ፣ በቆሎም ዘራበት። የመጀመሪያው ክረምት ቀይ ጎርፍ በግቢያችን አለፈ፤ ዶሮ ይዞ ሄደ፤ ከታች ያለው ሜዳችን ላይ ጠጠር አንጥፎ ተመለሰ። ጥቂት ክረምት ታግሎ አፈሩ ሲያልቅበት ተወውና ባህር ዛፍ ተከለ። እሱ ብቻም አይደለም። ገበሬው ሁሉ ከዚያ ልኬት አንድ ትምህርት ወስዶ ነበር፤ በራሱ የበቀለ ዛፍ ባለቤቱ አይታወቅም፣ ተክለኸው ያደገ ግን ያንተ ነው፤ ባህር ዛፍ የቆመበት መሬት ላይ ደፍሮ ገመድ የሚጥል የለም። ስለዚህ በየተዳፋቱ ባህር ዛፍ፣ በየድንበሩ ባህር ዛፍ፣ ለእናቴ ቃል ተገብቶላት ከተዳፋቱ ጋር አብሮ በሄደው በምንጩ ዙሪያ ሳይቀር ባህር ዛፍ ሆነ። ምንጩ በአንድ ቀን አልደረቀም። መጀመሪያ ጠበበ። ከዚያ ሴቶቹ በወረፋ ተጣሉበት። ከዚያ በበጋ ይጠፋና በክረምት ይመለስ ጀመር። በመጨረሻ በክረምትም አልመጣም። የሌላ መንደር ሴቶች መቅረታቸውን ያየሁት እናቴ እንስራዋን ይዛ እነሱ መንደር ስትሄድ ነው።

ቁጣዬን የማደርስበት ደጅ አጥቼ ኖሬአለሁ። ያን መመሪያ የጻፈውን ሰው አላውቀውም፤ ምናልባት ጥሩ ሰው ነው፤ ጫካ እንዳይነካ ብሎ ነው የጻፈው። ታዲያ ጫካ የሚያድነው ወረቀት ከፋሲካ በኋላ፣ ጫካ የሚያስቆርጠው ወሬ ከጥምቀት በፊት ምን አደረሰው? ወሬውን ከወረዳ ያመጣው መንገድ ወረቀቱን ለምን አዘገየው? እኛ ዘንድ ይህን የሚጠይቅ አልነበረም። ጥፋት ሁሉ ወደ ገበሬው ይወርዳል፤ እንደ ጎርፉ።

ያለፈው ክረምት ትምህርት ቤታችን ለችግኝ ተከላ ወጣ። የተመደብንበት ቦታ ኮሶ አምባ ነው ተባለ። ስንደርስ ደግሞ ቦታው ያው ተዳፋት ሆኖ አገኘሁት። የምንይችል ባህር ዛፍ ተቆርጦ በአይሱዙ ሄዷል፤ መሬቱ የተፋሰስ ቦታ ተብሎ እርከን ተሠርቶበታል። ምንይችል ራሱ ፀጉሩ ሸብቶ፣ ዶማ ይዞ ከሰው ጋር ቆሟል። «ኸእጄ እንደወጣች እንኳ በቅጡ አልነገሩኝም፣ እህቴ» አለኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩለት። በችግኙ ሳጥን ውስጥ የሞላው ግራቪሊያ የሚሉት የፈረንጅ ዛፍ ነው። ተማሪዎቼን ዶቅማ ታውቃላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ አንዷ «የመንደር ስም ነው፣ ቲቸር?» አለችኝ።

አንድ ወጣት ባለሙያ ድምፅ ማጉያ ይዞ ንግግር አደረገ። ትሑት ልጅ ነው፣ ሥራውንም ይወዳል፤ ከልቡ ነበር የሚናገረው። «ቀደም ሲል አርሶ አደሩ ከግንዛቤ ማነስ የተነሳ ይህን ተዳፋት ጨፍጭፎ አራቁቶታል» አለ። እኔ ዓይኔን ጣል ያደረግሁት አባቴ ላይ ነው። ተጠርቶ መጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ አርጅቷል፣ ምርኩዙን በጉልበቱ መሀል አቁሟል። ንግግሩ ሲያልቅ እጁን አወጣ።

«ጌታው፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ይሄ ተተክሎ ሲያድግ የማን ነው?»

«የጋራችን ነው አባባ። የሁላችንም ነው» አለ ባለሙያው፣ ፈገግ ብሎ።

«መልካም። ሽግሽግ ቢመጣስ? ዛፍ ነው ብላችሁ ትተዉታላችሁ ወይስ ትለኩታላችሁ?»

ልጁ ወዲያና ወዲህ አየ። «እሱ እንግዲህ ወደፊት በሚወጣው መመሪያ የሚታይ ይሆናል» አለ።

«በል እንግዲያው» አለ አባቴ። «ፊት መመሪያ ሳልጠብቅ ቆርጬ ከሰርኩ። አሁን ደግሞ መመሪያ ሳልጠብቅ ተክዬ ልክሰር?»

ሰው ሳቀ። ምንይችል ሳቀ፤ ባለሙያውም ሳቀና እጅ ነስቶት ወደ ሥራው ተመለሰ። ተማሪዎቼ እየዘፈኑ ተከሉ፤ እኔም ተከልኩ፤ ፎቶ ተነሳን። በዚህ መሀል አባቴ ከሳጥኑ አንድ ችግኝ አንስቶ ጋቢው ውስጥ ሸጉጦ ቀስ እያለ ቁልቁል ሲወርድ አየሁት። ማንም አላስተዋለውም።

ሥራው አልቆ ልጆቹን ካሳፈርኩ በኋላ ወላጆቼ ቤት ጎራ ስል ችግኙን ከጓሮ፣ ከቤቱ ግድግዳ ጋር አጣብቆ ተክሎት አገኘሁት። በግድግዳውና በአጥሩ መሀል ፍየል እንኳ አታልፍም። እናቴ ትበሳጫለች። «ትንሽ ኸጎለመሰ ግድግዳውን ይነቅለዋል፤ አንቺን ይሰማ እንደሁ ንገሪው» አለችኝ። «አባዬ፣ ትንሽ ራቅ ቢል አይሻልም?» አልኩት።

«ራቅ ያለ ይለካል» አለኝ። «ኸግድግዳ የተጣበቀ ቤት ነው የሚባል። ቤቴን ደሞ አይለኩብኝም።»

ከዚያ ስሙን ጠየቀኝ። ግራቪሊያ አልኩት። ሊጠራው ሞከረ፣ አፉ አልመች አለው፣ ተወው።

ዘንድሮ ለፋሲካ ልጠይቃቸው ስሄድ ችግኙ ጉልበት ደርሷል። በረዥሙ በጋ ያልሞተበትን ምክንያት እናቴ በምሬት ነገረችኝ። ውሃ አሁን የሚቀዳው ከማዶ፣ ከእጅ ፓምፑ ነው፤ ሄዳ ወረፋ ጠብቃ ቢጫውን ጄሪካን በጀርባዋ አዝላ ትመለሳለች። አባቴ ደጅ ላይ ይጠብቃትና ገና ትንፋሿ ሳይመለስ አንድ ጣሳ ይቀንሳል፤ ለዛፉ ይወስዳል። እሷ ትቆጣለች፣ እሱ አይመልስላትም። ያን ጠዋትም በዓይኔ አየሁት። ጎንበስ ብሎ ውሃውን በሥሩ ዙሪያ ቀስ እያለ ያፈስሳል፤ እንዳይባክን በጣቱ ጉድጓድ ነገር አበጅቶለታል። ከጀርባው ያ ራቁት ተዳፋት አለ፤ ባለፈው የተከልነው ችግኝ ውሃ ያጠጣው ስላልነበረ አብዛኛው ደርቋል። ቆሜ አየሁት። እኔ ልጅ እያለሁ በዚያ ተዳፋት ላይ የነበረውን ዛፍ ሁሉ ማንም ውሃ አጠጥቶት አያውቅም ነበር።